ሰው ካልሞተ ባሕር ኃይል አትገባም ስለመባሌ

ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመረዳጃ እድሮች ጥምረት ጽሕፈት ቤት
ለክብርት ሰብሳቢ ወ/ሮ አልማዝ
ጅማ

አመልካች፦ ኤልያብ ዘርሁን፣ የወንዝ ማዶ መረዳጃ እድር ጡሩምባ ነፊ
መልስ ሰጪ፦ የወንዝ ማዶ መረዳጃ እድር ዳኛ አቶ ኩመራ

ጉዳዩ፦ ሰው ሞቶ ጡሩምባ እስክነፋ ድረስ ከሰፈር እንዳልወጣና የምስክርነት ደብዳቤ እንዳይሰጠኝ በመወሰኑ፣ የባሕር ኃይል ምልመላዬ ሳያመልጠኝ መፍትሔ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። ይህን የምለው ከልቤ መሆኑን ይመኑኝ። እንዲህ ብዬ የምለምነው፣ በዚህ ወር እኛ ሰፈር የሰው ጤና ስጠይቅ የሚያምነኝ ስለጠፋ ነው። ለምን እንደሆነ ከታች ሲያነቡ ይረዱኛል።

1. እኔ አመልካች አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ፣ ካላለፈው ሰፊ ሕዝብ ጋር አብሬ ያላለፍኩ ወጣት ነኝ። ስለዚህ በጽሑፌ ስሕተት ቢያገኙ መምህራኖቼን አይውቀሱ፤ እነሱ ሲያስተምሩ እኔ መስኮት አጠገብ ነበርኩ። ማመልከቻውን ደህና አድርገው እንዲጽፉልኝ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ወንበር ዘርግተው ወደሚጽፉት ሽማግሌ ሄጄ ነበር። እሳቸው ግን የእድራችን አባል ሆነው ተገኙ። ጉዳዬን እስከ ግማሽ ሰምተው ብዕራቸውን ከደኑና፣ አንተ ከሄድክ ለኔ ማን ሊነፋልኝ ነው ብለው መለሱኝ። በዚህ ምክንያት በራሴ እጅ ጽፌያለሁ።

2. ጡሩምባው እኔ ዘንድ እንዴት እንደደረሰ ማስረዳት ስላለብኝ፦ አባቴ ዘርሁን በልጅነቱ ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እድር ሲገባ መዋጮው ስለከበደው፣ ደረቱን ያዩ ሰዎች በትንፋሽህ ክፈል አሉት። ሰው በሞተ ቁጥር ጎህ ሲቀድ እየዞረ ሲነፋና የሟቹን ስም ሲጠራ ኖረ። እሱ ራሱ የሞተ ዕለት እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ጡሩምባው እኛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ነፊው አልጋ ላይ ተጋድሟል፣ ሰፈሩ ገና አልሰማም። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ለአባቴ የነፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ጠርቶ አልሾመኝም፤ ማንም ደግሞ ከእጄ አልወሰደውም።

ክብርት ሰብሳቢ እንደሚያውቁት የእድር ጡሩምባ ለሠርግ አይነፋም፣ ለስብሰባ አይነፋም፣ ቤት ሲቃጠል እንኳ አይነፋም። ለሞት ብቻ ነው። የኛ እድር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጴንጤውም ያለበት ስለሆነ ጡሩምባው ሃይማኖት አይለይም። ልዩነቱ ሙስሊም ሲሞት ቀብሩ ስለማይዘገይ እየሮጥኩ መንፋቴ ነው።

3. ወደ ባሕር ኃይል የሄድኩበት መንገድ፦ የጂኦግራፊ መምህራችን ሀገራችን የባሕር በር የላትም ብለው ባስተማሩ ዕለት እጄን አወጣሁና፣ ታዲያ ባሕር ኃይላችን ምን ላይ ነው የሚቆመው ብዬ ጠየቅኩ። ውጭ አንበረከኩኝ። መልሱን ሳልሰማ ስለተንበረከክሁ ጥያቄው እኔው ጋ ቀረ። ዋና የተማርኩት ቦዬ ኩሬ ውስጥ ነው። ጉማሬ ባለበት ውሃ ዋና የተማረ ሰው ቀስ ብሎ መዋኘት ፈጽሞ አይችልበትም።

የምልመላ ማስታወቂያ ሲወጣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ከሚኖረው ጓደኛዬ ከናኦድ ጋር ተመዘገብን። ሮጥን፣ ጥርሳችንን አሳየን፣ ደም ሰጠን። ሐኪሟ አንድ ቱቦ ሰጥታ ንፋ አለችኝ፤ ነፋሁ። መሣሪያዋን አገላብጣ አየችና እንደገና አስነፋችኝ። ምን ስትሠራ ነው ያደግከው ብትለኝ፣ ሰው ስቀብር አልኳት። አልሳቀችም። መልማዩ መኮንን በበኩላቸው ባሕር አይተህ ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ጌታዬ፣ እሱም እኔን አያውቀኝም፣ በዚህ እኩል ነን ብዬ መለስኩ። እሳቸው ሳቁ። አለፍኩ።

ክብርት ሆይ፣ እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አልፌ አላውቅም ነበር። በምንም። «አልፈሃል» የሚለውን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው፣ ወደ ኋላዬ ዞሬ ማን እንደቆመ አይቻለሁ።

4. የተከሰስኩበት ነገር፦ ስማችን ተለጥፎ ያየን ዕለት ቤቴ እስክደርስ ሮጥኩ። እናቴ ቆጮ ልትሸጥ ሂርማታ ገበያ ወርዳ ነበር፤ ቤት ሰው የለም። ደስታ ደግሞ ብቻውን ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። ለወንበሩ ብነግረው አይገባውም። ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲሰማልኝ ፈለግሁ፤ ሰፈሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚጠራ ደግሞ ያ ጡሩምባ ብቻ ነው። አወረድኩና ደጃፋችን ላይ ቆሜ ነፋሁት። ባለኝ ሁሉ ነፋሁት።

እኔ በሰፈሩ ብዙ ቀልድ የቀለድኩ መሆኔ አይካድም። የአህያ ጭራ ላይ የምርጫ ፖስተር ለጥፌአለሁ። የመዘምራንን ካባ ገልብጬ ሰቅያለሁ። ይህ ግን ቀልድ አልነበረም። በሕይወቴ ያለ ቀልድ የሠራሁት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የታሰርኩትም በሱ ነው።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወጡ። ወጣቶቹ የድንኳን ቋሚ ተሸክመው መጡ፤ አንዱማ እንጨት መፍለጥ ጀምሮ ነበር። ሁሉም ማን ነው ማን ነው ሲል እኔ ባሕር ኃይል ገባሁ እላለሁ። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ጡሩምባው ከራሷ ደጃፍ ሲነፋ ሰማች። ከኔ ሌላ ልጅ የላትም። መንገዱ መሐል ቁጭ አለች። ሰዎች ደግፈው ሲያመጧት በሩ ላይ ጡሩምባ ይዤ ቆሜ አየችኝ። መጀመሪያ ሳመችኝ፣ ቀጥላ በጥፊ መታችኝ። ጥፊው ተገቢ ስለሆነ በእሱ ላይ አቤቱታ የለኝም።

በዚያ ቀን የሳቁት አሮጊቷ ጎረቤታችን አዴ መሪማ ብቻ ናቸው። ልባቸውን ከታመሙ ቆይተዋል፤ ሐኪሞቹም ቤትዎ ይረፉ ብለው መልሰዋቸዋል። ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ አጥራችን መጡና፣ ለኔ የተነፋ መስሎኝ ስንት ሰው እንደመጣልኝ ልቆጥር ነው የወጣሁት አሉ።

5. ውሳኔው፦ በተከታዩ እሑድ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የእድሩ ዳኛ አቶ ኩመራ ዕድሜያቸውን ቡና ሚዛን ላይ የጨረሱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሲፈርዱም እንደ ሚዛን ነው፤ ግራ ቀኙን አይተው እስኪቆም ይጠብቃሉ። የወሰኑት ይህ ነው፦ ጡሩምባ ተነፍቶ ድንኳን ሳይተከል ቀርቶ አያውቅም። አሁን ጡሩምባው ሰው ጠርቶ ባዶውን ተመልሷል። ስለዚህ የተጠራው ሰው በፈጣሪ ጊዜ መጥቶ፣ ኤልያብ ራሱ በሥርዓቱ ነፍቶ እስኪሸኘው ድረስ ከሰፈር አይወጣም፤ ጡሩምባውንም ለሌላ አያስረክብም። እንዲህ ሳይሆን ቢሄድ ግን ጥሪው በሰፈሩ ልጆች ላይ ይወድቃል።

ይህ በእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ላይ የለም። ሆኖም ከተቀመጡት ውስጥ አንድም ሰው ደንቡ ላይ የለም አላለም። የኔ እናት እንኳ፣ ጌታን የተቀበለች ሴት ሆና፣ አንገቷን ደፋች።

ምልመላው የጠባይ ማስረጃ ከቀበሌ ይፈልጋል። ቀበሌው የሚያውቅህ ሰው ይመስክር፣ ከእድርህ ደብዳቤ አምጣ ይላል፤ ልክ ነው፣ ቅር አይለኝም። የእድሩ ማኅተም ያለው አቶ ኩመራ የኮት ኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ የኔ መርከብ በአሁኑ ሰዓት የቆመችው አቶ ኩመራ ኪስ ውስጥ ነው ማለት ነው። ናኦድ ከራሱ ሰፈር እድር ደብዳቤውን ተቀብሎ በመጀመሪያው ዙር ሄደ። እኔን በለመንኩት ልመና ወደ ሁለተኛው ዙር አዛወሩኝ። የመጨረሻው ቀን ኅዳር 22 ነው፤ ካልተገኘሁ በቦታዬ ተጠባባቂ ይገባል፣ ሌላ ዙር የለህም ብለውኛል።

6. በሰላም ለመጨረስ ያደረግሁት ጥረት፦ የአቶ ኩመራ የወንድማቸው በሬ ቡና መፈልፈያው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሲሞት ሄጄ፣ ለሱ ልንፋና ይለቅልኝ ብዬ ለመንኩ። በሬው እድር አልገባም አሉኝ። ቀጥዬ እኔው ራሴ ልሙት አልኩ፤ ድንኳን ተክላችሁ ልቀመጥ፣ አልቅሱልኝ፣ ንፍሮ ብሉ፣ ከዚያ በሬሳ ወግ ሸኙኝ፤ ለናንተ የሞተና ባሕር የገባ አንድ ነው አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ሁለቱ ሊስማሙ ነበር። አቶ ኩመራ ግን ለራሱ ነፍቶ የተቀበረ ሰው የለም ብለው ዘጉት።

ከሁሉ የሚያስፈልጋቸው ተተኪ ከሆነ፣ ተተኪ አግኝቻለሁ። ሩፈይዳ ትባላለች፤ ከመንገዱ ማዶ የሞባይል ካርድ ትሸጣለች። ከሱቋ ሆና የምትሰድበኝን ስድብ ወንዝ ወዲያ ያለ ሰው ይሰማዋል፤ ደረቷ ከኔ ይበልጣል። ጡሩምባውን በድብቅ አስነፍቻት (የጡሩምባውን አፍ በነጠላ ጠቅጥቀን) አንድም ጊዜ አልሳተችም። ሽማግሌዎቹ ሴት ነፍታ አታውቅም አሉ። ክብርት ሰብሳቢ፣ ይህን ለእርስዎ የምነግርዎ ሴት ስለሆኑ አይደለም ልል ነበር፤ ግን ሴት ስለሆኑ ነው።

7. ከውሳኔው ወዲህ ያለሁበት ሁኔታ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰፈሩ ጤና ነው። እንዲህ ያለ ጤና ታይቶ አይታወቅም። ሳል የያዘው ሰው እኔ ሳልፍ ትንፋሹን ይውጣል። ሽማግሌዎች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ሰላምታዬን ሳይጠብቁ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ይላሉ። አንድ ሰውዬ ጣሪያ ሊጠግኑ ወጥተው እኔን ቀና ብዬ ሳያቸው ሥራቸውን ትተው ወረዱ። ለጥርሴ ጤና ጣቢያ ብሄድ ተሰልፈው የነበሩት ሕመምተኞች ቦታ ለቀቁልኝ። ሩፈይዳ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሱቋን ስትከፍት በመስኮቱ ብቅ ትልና፣ «ኤሉ፣ ዛሬም ሰው አልሞተልህም?» ትለኛለች።

መጀመሪያ እስቅ ነበር። አልሞተልኝም፣ አንቺ ምን ይመስልሻል እያልኩ እመልስላታለሁ። አሁን ግን «ልህ» የሚለው እየከበደኝ መጥቷል።

በየዓመቱ በዚህ ወቅት ሸቤ ከተማ ሄጄ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እያገላበጥኩ ለእናቴ የሆነ ነገር ይዤ እመለሳለሁ። ዘንድሮ ሸቤ እንኳ ከሰፈር ውጭ ነው ተብሎ ቀረሁ። ናኦድ በቴሌግራም ፎቶ ይልካል፤ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ደንብ ልብስ ለብሶ፣ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ ቆሞ። ከሥሩ «ጉማሬ የለም፣ ደብሮኛል» ብሎ ጽፏል። እኔ ማታ ደጃፍ ላይ ቆሜ ዙሪያውን አያለሁ። በየት ብዞር ኮረብታ ነው። ልጅ እያለሁ ኮረብታው ሩቅ ነበር፤ አሁን ሲመሽ ወደ አጥራችን የሚጠጋ ይመስለኛል።

8. አሁን ወደዚህ አቤቱታ ያስገደደኝን ነገር እጽፋለሁ። ይህን ለአቶ ኩመራም ለእናቴም አልተናገርኩም።

አዴ መሪማን እኔ ጠዋት ጠዋት መጠየቅ የጀመርኩት ዛሬ አይደለም። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ ውሃ እቀዳላቸዋለሁ፣ ሬዲዮናቸውን አስተካክላለሁ፣ እሳቸው ይሰድቡኛል። እንዲሁ ነበርን። ባለፈው ሳምንት ግን በራቸው ጋ ስደርስ፣ ልክ ከማንኳኳቴ በፊት፣ ቆሜ ጆሮዬን ደቀንኩ። ትንፋሽ አለ ወይ ብዬ ነው የደቀንኩት። ትንፋሽ ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝ ነገር ደስታ ብቻ አልነበረም። ክብርት ሰብሳቢ፣ ከዚህ በላይ በጽሑፍ ልገልጸው አልችልም፤ እርስዎ ይረዱኝ።

ገባሁ። እሳቸው ዓይኔን አይተው አወቁ መሰለኝ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እንዲህ ነው ያሉኝ፦

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እየጠበቅከኝ ነው አይደል?»

የሬዲዮናቸውን ቁልፍ ማዞር ጀመርኩ።

«አይዞህ። አላህ ሲጠራኝ በጡሩምባ አይደለም የሚጠራኝ። ግን ስሞት ብትነፋው እኔ አልሰማውም። አሁን ንፋው። እኔ ተኝቼ ልስማው፣ እነሱም አልቅሰው ይግቡ፣ አንተም ሂድ።»

ማሎ አዴ፣ እባክዎ፣ እንዲህ አይባልም አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜያቸው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ «እንግዲያው እኔ ልፍጠንልህ?» አሉኝ።

ተነሥቼ ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ። ባልዲው ሙሉ ነበር።

9. በአቶ ኩመራ ላይ ቂም የለኝም። ቡና መፈልፈያው ዳር አግኝቻቸው ይህን የምታደርጉብኝ ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ አባትህ የነፋለት ሰው አንድም ብቻውን የተቀበረ የለም አሉኝ። እውነት ነው። ልጅ የላቸውም፣ ወንድማቸው ሸምግለዋል፤ ሚስታቸው ስትሞት በዝናብ ዞሬ የነፋሁት እኔ ነኝ፤ ያን ዕለት የመጣው ሰው ደጃቸውን ሞልቶ ወደ መንገድ ተርፎ ነበር። አሁን እሳቸው የፈሩት ጥሪው በልጆች ላይ መውደቁን ብቻ አይመስለኝም። የራሳቸውን ቀን ነው የፈሩት። በዚህ እፈርድባቸው ዘንድ አይቻለኝም። ነገር ግን የሰው ፍርሃት ለሌላው ሰው እግር ብረት መሆን የለበትም ብዬ አስባለሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት።

10. ስለዚህ ክብርት ሰብሳቢ የሚከተለውን ወስነው እንዲያግዙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፦

ሀ) የወንዝ ማዶ እድር የምስክርነት ደብዳቤዬን ከኅዳር 22 በፊት እንዲሰጠኝ፤ በደብዳቤው ላይ ቀልደኛ ነው ብለው ቢጽፉ አልቃወምም።

ለ) ጡሩምባውን በሽማግሌዎች ፊት ለሩፈይዳ እንዳስረክብ፤ ለአቶ ኩመራ ደግሞ ቀናቸው በደረሰ ጊዜ እንደምትነፋላቸው በፊታቸው ቃል እንድትገባ። ገብታለች፤ ግን ከእሷ አፍ ይስሙት።

ሐ) ከሁሉ በላይ የምለምነው ይህን ነው። ውሳኔው አዴ መሪማ በሕይወት ሳሉ ይሰጠኝ። ዛሬ ነገ ሲባል እሳቸው ቀድመው ቢያርፉ፣ አቶ ኩመራ በዚያው ቀን ማኅተሙን እንደሚያወጡት አውቃለሁ። ያን ዕለት እኔ እየሮጥኩ እነፋላቸዋለሁ፣ ስማቸውን በየማዕዘኑ እጠራለሁ፣ አፈርም አለብሳቸዋለሁ። ደብዳቤውን ግን አልቀበልም። ተቀብዬ ብሄድ፣ እዚያ ውሃ ላይ አንዱ እንዴት መጣህ ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው ነገር የለኝም። እንደ ሌላው ሰው በሕያው ሰው ተሸኝቼ መሄድ እፈልጋለሁ። እሳቸውም ከበራቸው ላይ ሆነው ሰድበው እንዲሸኙኝ እፈልጋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጠይቄያቸዋለሁ። በሩ ላይ ጆሮዬን አልደቀንኩም፤ በቀጥታ አንኳኳሁ። ቀና ብለው ተቀምጠዋል፣ ሻይ ጠጥተዋል፣ ስኳሩ አነሰ ብለው ተቆጥተውኛል።

ክብርት ሆይ፣ እባክዎ ይፍጠኑ።

መልስዎን ደጅ ሆኜ ከምጠብቅበት፣ ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ፊርማ ____________
ኤልያብ ዘርሁን